አረንጓዴ ያልኩት ቀለበት

አባቴ በሕይወቱ ውሸታም ያለኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። በቅቶኛል። ሌላው ሰው ልጁን ጠዋት ውሸታም ብሎ ማታ ከአንድ ትሪ አብሮት ይበላል፤ የእኛ ቤት እንደዚያ አልነበረም። አባቴ ዳኜ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነው። የተቆጠበ ቃል ደግሞ የወጣ ቀን ይከብዳል። እኔ ያንን አንድ ቃል ተሸክሜ ከቡራዩ ሰበታ፣ ከሰበታ ሱሉልታ ደርሻለሁ። ትምህርቴ እስከ ስምንተኛ ነው። አሁን የምጽፈውም መጻፍ ስለምችል ሳይሆን፣ እስከ ዛሬ "አንተስ ምን ትላለህ?" ብሎ የጠየቀኝ ሰው ስለሌለ ነው።

ሚሊኒየሙ የገባ ሰሞን ነው። እኔ አስር ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ እህቴ ሀሴት በሁለት ትበልጠኛለች። እናታችን ከሞተች ቆይታለች። የአባቴ ሱቅ ቡራዩ፣ ከአምቦ መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ፣ የኦቦ ሌንጮ አጥር ላይ የተለጠፈ የቆርቆሮ ክፍል ነበር። ሬዲዮ፣ ቴፕ፣ ቴሌቪዥን፣ የቸርቾች ድምፅ ማጉያ ሞንታርቦ ይጠግናል። የመበየጃው ሊድ ሲቀልጥ የሚወጣውን ጢስ አሁንም መንገድ ላይ ድንገት ቢሸተኝ እግሬ ይቆማል። ከቴሌቪዥን ጀርባ የሚወጣው አቧራ ደግሞ ምላስ ላይ ይጎመዝዛል፤ እየላስኩ የማጸዳ ይመስል ሁልጊዜ አፌ ውስጥ ነበር።

በዚያ ዓመት የአባቴ አሠራር ተለወጠ። እኔ እንደዚያ ነው ያየሁት። ድሮ ቦርዱን ወደ ዐይኑ አስጠግቶ የሚመረምር ሰው፣ አሁን ፊቱን ወደ ጣሪያው አንስቶ በጣቱ ጫፍ ይዳብሰው ጀመር። ጣቱ እየሄደ፣ እየሄደ፣ የላላች እግር ላይ ሲደርስ ቀጥ ይላል። እኔ በዚህ ሰፈሩን ሁሉ አደነቆርኩት።

"አባቴ እኮ ሳያይ ነው የሚሠራው!" እላቸዋለሁ እኩዮቼን። "የእናንተ አባት ይችላል?"

ማንም አባት አይችልም ነበር።

ጠረጴዛውንም አንስቶ በሩ ላይ አደረገው። ገብቼ አጠገቡ ልቆም ስል "ብርሃኑን አትዝጋብኝ!" ብሎ ይጮህብኛል። ሀሴትን ግን አይጮህባትም። ሀሴት ዞራ በውስጥ በኩል በግራው ትቀመጣለች፤ እሱም ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያወራታል። ይህንን ያዝኩት። ልጅ ብሆንም የሚያዝ ነገር አይጠፋኝም ነበር።

አንድ ቀን ኦቦ ሌንጮ በሩ ላይ ያዙኝ። ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ሲቆጡም የሚስቁ የሚመስሉ ሽማግሌ ናቸው።

"አንተ ልጅ፣ አባትህ ምን ሆኖ ነው? አካም ቡልቴ ስለው እንደ ግንድ ዘግቶኝ ያልፋል። ኪራይ አልጨመርኩበት! እኔን ንቆ ነው?"

"አላውቅም ኦቦ ሌንጮ።"

"ኮርተሃል ይሉሃል በለው።"

ነገርኩት። አባቴ መበየጃውን እንደያዘ፣ "በየት በኩል ነበር የቆሙት?" አለኝ። ሰው ኮራህ ሲሉት የሚጠይቀው ጥያቄ ነው ይሄ? በማግስቱ ሦስታችን ከቤት ስንወጣ አባቴ ባርኔጣውን አንስቶ ጎንበስ አለና፣ "ደህና አደሩ ኦቦ ሌንጮ፣ ትናንት ሐሳብ ይዞኝ ነው" አለ። በሩ ጥግ ላይ የቆመው የከሰል ማዳበሪያ ነበር። እኔ ሆዴን ይዤ ሳቅኩ። አባቴ እንደዚህ ቀልደኛ መሆኑን አላውቅም ነበር። ሀሴት አልሳቀችም። እጁን ይዛ ከማዳበሪያው አሳለፈችው፤ ሳቄ ግማሽ ላይ ቀረ።

ሀሴት ከዚያች ጠዋት ጀምሮ ታውቅ ኖሯል። ለእኔ ግን ማንም ምንም አላለኝም። ያኔ የገባኝ እሷ ቀልድ የማይገባት ሴት መሆኗ ብቻ ነው።

ከሱቃችን ቀጥሎ የሰለሞን ሙዚቃ ቤት ነበር። ሰለሞን ሲዲ ይገለብጣል፣ ዘፈን በሚሞሪ ይጭናል። የሰፈሩ አንድ ኮምፒውተር የእሱ ናት፤ ጨርቅ አልብሷት ነው የሚያድረው። የሱቆቹ የኋላ ቆርቆሮ ስስ ስለሆነ አባቴና ሰለሞን ሲያወሩ ጓሮ ይሰማል። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት እዚያ ጓሮ ቁጢጥ ብዬ ሰማኋቸው።

"ሐኪሙ ምን አለህ?" አለ ሰለሞን።

"የጠፋው አይመለስም አለ። የቀረህን ጠብቅ።"

"ስንት ጊዜ ይሰጥሃል?"

"ዓመት። ሁለት። እግዚአብሔር ያውቃል።" ወንበር ተንቋቋ። "ከልጆቹ አንዱን አጠገቤ ማስቀመጤ አይቀርም ሰለሞን። የትኛውን እንደሆነ አላወቅኩም።"

"ወንዱ አይሻልህም?"

"ፈጣን ነው። ግን አላውቅም። ላየው ነው።"

አባቴ ሊሞት ነው፤ ከመሞቱ በፊት ሱቁን ለአንዳችን ሊያወርስ ነው፤ ፈተናም ሊፈትነን ነው። ከዚህ ሌላ ምን ይገባኛል? አለቀስኩ፤ ቀጥዬ ደግሞ ሀሴትን እንዴት እንደማሸንፋት ማሰብ ጀመርኩ። ሁለቱም እውነት ነበር። አጠገቡ የሚቀመጠው ልጅ ትምህርት ቤት የሚያቋርጠው ልጅ መሆኑን አባቴ ያን ቀን ተናግሮ ከሆነ፣ እኔ ጓሮ ከመድረሴ በፊት ነው።

ሐሳቡን ያመጣው ሰለሞን ነው። እኔ በር ላይ ተቀምጬ ነበር።

"ዳኜ፣ ያኔ ስትማር ኤሌክትሪክን በመስመር የሚያሳይ ኦሲሎስኮፕ ነበረን ትለኝ አልነበር? ኮምፒውተሬ እኮ ሊሆንልህ ይችላል። በማይክ ቀዳዳው የገባውን ነገር ማዕበሉን በስክሪን ላይ የሚስል ፕሮግራም አግኝቻለሁ።"

አባቴ ቀና አለ። "ስክሪኑ ትልቅ ነው?"

"ታውቀው የለ! ትልቅ ነው።"

"መስመሩን ማወፈር ይቻላል?"

"እንደፈለግክ ታወፍረዋለህ። እንደ ገመድ።"

"እንደ ገመድ" አለ አባቴ፣ ለራሱ።

"ግን ቴሌቪዥን ላይ በቀጥታ ከሰካኸው ሳውንድ ካርዱን ይጠብሰዋል፤ ኮምፒውተሩንም ይዞት ይሄዳል። ያቺ ናት እንጀራዬ፣ ዳኜ።"

"ዘበኛ እንሠራለታለን" አለ አባቴ። ከስንት ጊዜ በኋላ ጥርሱን አየሁት።

ቴሌቪዥን ጥገና ኤሌክትሪክ ከሚለካው ከቴስተር መርፌ ጋር የሚውሉበት ሥራ ነው። መርፌዋ ከፀጉር የቀጠነች ናት። አባቴ በዚያ ዓመት ቴስተሩን የሚጠቀመው ሽቦ ተበጥሶ እንደሆነ ሲጮህ ለመስማት ብቻ ነበር፤ መርፌዋን ካየ ቆይቶ ነበር። በሰለሞን ስክሪን ላይ እንደ ገመድ የወፈረች መስመር ግን ይታየዋል። ያቺ መስመር ሱቁን ሳይዘጋ የሚቆይባት፣ ሁለታችንንም ከትምህርት ቤት ሳያስወጣ የሚያሳድግባት ገመድ ነበረች። ይሄ ሁሉ ዛሬ የማውቀው ነው።

ያን ሰሞን አባቴ እኔንም ሀሴትንም አስቀምጦ አስተማረን።

"ኮምፒውተር ማለት ሕፃን ልጅ ናት። የምትጠጣው በማንኪያ ነው። ቴሌቪዥን ውስጥ ያለው ደግሞ ጎርፍ ነው። ስለዚህ በር ላይ አንድ ትልቅ ሬዚስተር እናቆማለን፤ አንድ ሜጋ። እሱ ጎርፉን አግዶ ጠብታ ብቻ ያሳልፋል። ከኋላው ሁለት ዳዮድ ይቆማሉ። በሩን አምልጦ የመጣ ትርፍ ካለ እነሱ ይዘው ወደ መሬት ይደፉታል።"

"በሩ ከተሰበረስ?" አለች ሀሴት።

"በሩ ከተሰበረ ዳዮዶቹ ብቻቸውን አይችሉትም። ይቃጠላሉ። በሩ ነው ዋናው።"

ሬዚስተሮቹ ከሞተ ቦርድ እየተነቀሉ በዱቄት ወተት ቆርቆሮ ውስጥ የተጠራቀሙ ነበሩ። ዋጋቸው የሚታወቀው ወገባቸው ላይ በተጠመጠሙት ቀለበቶች ቀለም ነው። ጥቁር ዜሮ፣ ቡናማ አንድ፣ ቀይ ሁለት፣ ብርቱካን ሦስት፣ ቢጫ አራት፣ አረንጓዴ አምስት እያለ እስከ ነጭ ይሄዳል። የመጨረሻዋ ቀለበት የዜሮዎቹን ብዛት ትናገራለች። እኔ ውኃ ልቀዳ ሄጄ እስክመለስ ሸመደድኩት። ሳልተነፍስ ወጣሁለት። አባቴ እጁን ዘርግቶ ትከሻዬን ሲፈልግ አንገቴን አገኘው፤ አንገቴን ነካ ነካ አደረገና "ጎበዝ" አለኝ። ሀሴት ግራጫና ሐምራዊ ላይ ተደናቅፋ ነበር። አሸነፍኳት አልኩ።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ልናገር። አንደኛ ክፍል ሳለሁ አስተማሪዋ ባንዲራ ሳሉ አለችን። ሳልኩ። ወረቀቴን ለክፍሉ ሁሉ ከፍ አድርጋ አሳየችና "ይሄ የየት አገር ባንዲራ ነው?" ብላ አሳቀችብኝ። ላይኛው ሣር መሆን ሲገባው ደም ነው፤ ታችኛው ደም መሆን ሲገባው ሣር ነው። እኔ ግን ያየሁት ልክ እንደ ጓደኞቼ ነበር። አስተማሪዋ ጠልታኝ ነው አልኩ። ብዙ ነገር በዚህ ነው የተረጎምኩት፤ ሰው ሲስቅብኝ ጠልቶኝ ነው።

ያን ጊዜ መብራት በፈረቃ ነበር። የእኛ ተራ የሆነ ቀን አባቴና ሰለሞን ኮምፒውተሯን ተሸክመው ወደ ሱቃችን አመጧት። ሀሴት ትምህርት ቤት ናት፤ እኔ የከሰዓት ፈረቃ ስለሆንኩ አለሁ። አባቴ ሰማያዊ የሳሙና ማስቀመጫ በሁለት በኩል በስቶ፣ ኮምፒውተሯ ላይ የሚሰካውን ጃክ በአንድ በኩል፣ የሚወጋባቸውን ሁለት ሽቦዎች በሌላ በኩል አውጥቷል። ዳዮዶቹን ጀርባና ፊት አድርጎ በይዷቸዋል። አንዱን በይዶ ጣቱን ሲያቃጥለው አይቼ ነበር፤ ጣቱን ጆሮው ጫፍ ላይ ለጠፍ አድርጎ ሥራውን ቀጠለ። የቀረው በሩ ነው።

"ኤልቃና፣ ቆርቆሮዋን አምጣ። አንድ ሜጋ ምንድን ነው?"

"ቡናማ፣ ጥቁር፣ አረንጓዴ።"

"ፈልግልኝ።"

ይሄው መጣ ፈተናው። ቆርቆሮውን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኩት። ሁሉም ያቺው ቡናማ የምትባል፣ ያቺው አረንጓዴ የምትባል ጭቃማ ነገር አለባቸው። እኔ ቀለም ማለት እንደዚህ ነው ብዬ ነበር የማስበው፤ ሁሉም ሰው ትንሽ እየገመተ፣ ትንሽ እየደፈረ የሚኖርበት ነገር። ጎበዝ የሚባለው ፈጥኖ የሚደፍር ነው። ቡናማና ጥቁር ያላትን፣ የመጨረሻዋም ቀለበት ጠቆር ያለች አንዷን አነሳሁ።

"ይኸው።"

አባቴ ተቀበለኝ። ወደ አፍንጫው አስጠጋት፣ ወደ ጆሮው ወሰዳት፣ ወደ በሩ ብርሃን ዞሮ አገላበጣት። እየተሳለቀብኝ መሰለኝ።

"የመጨረሻዋ ቀለበት ምንድን ናት?"

"አረንጓዴ።"

"በደንብ እያት።"

"አየሁ አባዬ። አረንጓዴ ናት።"

"እውነት?"

"እውነት።"

"በቃ" አለና በየዳት። ሰለሞን ቀና ብሎ አላየም፤ ፕሮግራሙን እየከፈተ ነበር።

መጀመሪያ በትንሽ ሬዲዮ ሞከሯት። የሳሙና ማስቀመጫዋን ሽቦዎች አባቴ የስፒከሩ እግር ላይ አስነካቸው። ስክሪኑ ላይ አንዲት መስመር ተኝታ ነበር፤ ሬዲዮው ሲያወራ ብድግ አለች። እግዚኦ፣ እንዴት ያለ ነገር ነው! ሰውዬው በሬዲዮ ስለ ጤፍ ዋጋ ያወራል፣ መስመሯ ከስክሪኑ ጣሪያ እስከ ወለሉ ትዘልላለች። ሰለሞን አጨበጨበ። አባቴ ከወንበሩ ተነስቶ ፊቱን ከስክሪኑ ጋር ሊያጋጭ ደረሰ፤ ጉንጩ ላይ የመስመሯ ብርሃን ሲዘል አያለሁ።

"ትልቅ ናት" አለ። "ሰለሞን፣ ትልቅ ናት። ትታየኛለች።"

"ዘለለችብህ እኮ!"

"ትዝለል። ተዋት ትዝለል።"

ያቺ መስመር እንደዚያ መግዘፍ አልነበረባትም። ሀሴት ናት ከዓመታት በኋላ ያስረዳችኝ፤ በሩ አንድ ሜጋ ቢሆን ኖሮ ለዐይን የምታስቸግር ትንሽ ሞገድ ነበር የምትሆነው። መግዘፏ ራሱ በሩ ክፍት መሆኑን ይናገር ነበር። አባቴ ይህን የማያውቅ ባለሙያ አይደለም። ግን ስለታየችው አልጠረጠራትም።

ቀጥሎ አንድ ቸርች ለጥገና ያመጣውን ቴሌቪዥን ጀርባ ከፈቱት። አባቴ በጣቱ እየዳበሰ ከፍተኛው ኃይል የሚያልፍበትን ቦታ አገኘና ሽቦውን አስነካ።

መጀመሪያ የመጣው ሽታው ነው። ከዚያ የሳሙና ማስቀመጫዋ ውስጥ "ጥሽሽ" የሚል ድምፅ፣ ከዚያ "ቷ!"። መስመሯ አንድ ጊዜ ቀጥ ብላ ቆመችና ስክሪኑ ጨለመ። ከኮምፒውተሯ ሆድ ነጭ ጢስ እየተሽሎከለከ ወጣ። ሰለሞን ገመዱን ከግድግዳ ነቀለው፤ ጉልበቱ ላይ ወድቆ ጢሱን በኮፍያው ያባርራል፤ "ዘፈኖቼ፣ ዘፈኖቼ በሙሉ" ይላል። አባቴ አልተንቀሳቀሰም። ሽቦውን እንደያዘ፣ ፊቱን ስክሪኑ ወደነበረበት አድርጎ ቆሟል።

"በራልህ?" አለ። "ሰለሞን፣ ተመልሶ በራ?"

"የሚበራ ነገር የለም ዳኜ።"

ሀሴት ቦርሳዋን እንዳዘለች የገባችው ያኔ ነው። አባቴ ድምፅዋን ሲሰማ፣ "ኤልቃና፣ ቅድም የሰጠኸኝን የምትመስል ሌላ አምጣ" አለኝ። አመጣሁ። ለሀሴት ሰጣት።

"የመጨረሻዋ ቀለበት ምንድን ናት?"

"ቀይ" አለች፣ ምንም ሳታስብ።

"አንተስ?"

"አረንጓዴ" አልኩ።

ሰለሞን ተነስቶ አየና "ኧረ ቀይ ናት!" አለ። ድምፁ ተሰበረ። "ቀይ እኮ ናት! ከሜጋ ሺህ ጊዜ የሚያንስ አንድ ኪሎ ነው በሩ ላይ ያቆምክብኝ!"

"አረንጓዴ ናት" አልኩ። ምን ልበል? አረንጓዴ ነበረች። ሦስቱም ተመካክረዋል ማለት ነው፤ ፈተናውን እንድወድቅ፣ ሱቁ ለሀሴት እንዲሆን። አባቴ ወደ እኔ ዞረ። ወደ እኔ ሳይሆን ትንሽ ከእኔ በስተቀኝ ወዳለው ወደ ቆርቆሮው ግድግዳ፤ ያኔ ሊያየኝ እንኳን ተጸይፎ መስሎኝ ነበር።

"ዐይንህ እያየ ትዋሸኛለህ?" አለ። "ሁሉንም እንደ ውኃ የምታውቀው ልጅ? አላውቅም ማለት ተናንቆህ? ውሸታም። ከዛሬ ወዲያ እዚህ ሱቅ እንዳትደርስ።"

በሳምንቱ የእናቴ ወንድም፣ ፈቀደ የሚባለው አጎቴ፣ መጥቶ ወደ ሰበታ ወሰደኝ። ሀሴት ከሰባተኛ ክፍል ወጥታ አባቴ አጠገብ ተቀመጠች። ሰለሞን ያለ ኮምፒውተር ጥቂት ቆይቶ ሙዚቃ ቤቱን ዘጋ።

አጎቴ ሰበታ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ነበር የሚሠራው። ድሮ ማቅለሚያ ክፍል ነበር፤ የክር ቀለም አሳስተሃል ብለው ወደ ጭነት አወረዱት። "ከደቡብ ስለመጣን ነው የሚጠሉን" ይለኝ ነበር። እኔም አመንኩት። አባቴ ጨርሶ መታወሩን የሰማሁት እዚያ ሆኜ ነው፤ በዓመቱ። አላለቀስኩም። እግዜር ፈረደልኝ አልኩ። ዐይኑ እኔን ካባረረ በኋላ የጠፋ መስሎኝ ነበር።

ዛሬ ሱሉልታ ብሎኬት አመርታለሁ። ባለቤቱ "መንጃ ፈቃድ ካወጣህ አይሱዙዋን አንተ ትነዳለህ" ስላለኝ ዘንድሮ ለጤና ምርመራ ሄድኩ። ነርሷ ነጠብጣብ የበዛበት መጽሐፍ ዘረጋችልኝ።

"ቁጥሩ ስንት ነው?"

"የቱ ቁጥር?"

"ወንድሜ አትቀልድ፣ ሰው ተሰልፏል።"

"ቁጥር የለበትም እኮ።"

ገለጠች። ገለጠች። ፊቷ እየለዘበ መጣ። "ቀይና አረንጓዴ አይለይልህም። ከተወለድክ ጀምሮ ነው፤ በእናት በኩል ነው የሚመጣው። ማንም ነግሮህ አያውቅም?"

"መድኃኒቱስ?"

"የለውም።"

"መንጃ ፈቃዱስ?"

ወረቀቴ ላይ ጻፈችና "ቀጣይ!" አለች።

ውጪ ቆሜ ለሀሴት ደወልኩ።

"አባዬ ዐይኑ መቼ ነው የጀመረው?"

"ይሄን ለመጠየቅ ነው ከስንት ጊዜ በኋላ የምትደውለው?"

"መልሺልኝ።"

"አንተ ሰበታ ሳትሄድ ነዋ። ያቺን ዘበኛ ሲሠሩ አንደኛው ጠፍቶ ነበር፤ ሌላው ጭጋግ። አታውቅም ነበር እንዴ?"

"ማን ነግሮኝ?"

"ለማንም እንዳትተነፍሺ ብሎኝ ነው። ዐይኑ የደከመ ሰው ጋ ማን ቴሌቪዥን ያመጣል?"

እሑድ ዓለም ገና ሄድኩ። ሀሴት እዚያ የራሷ ጥገና ሱቅ አላት፤ አባቴም ከእሷ ጋር ነው። በሩ ላይ ክንዴን ያዘችኝ። "ደም ግፊቱ እየወጣ ነው። ሐኪሞቹ እንዳታስደነግጡት ብለውናል። ምንም ይሁን የምታወራው፣ ቀስ በል።"

አባቴ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ትንሽ ሆኗል።

"ማነው?"

"ኤልቃና ነኝ።"

"እ።" እጁ የወንበሩን ክንድ ያዘ። "ደህና ነህ?"

"አባዬ፣ ያኔ አልዋሸሁህም።"

የቱን ያኔ ብሎ አልጠየቀኝም። ነገርኩት፤ ነጠብጣቡን መጽሐፍ፣ ነርሷን፣ ሁሉንም።

"ጥቁር ዜሮ፣ ቡናማ አንድ ያልከኝ አንተ አይደለህም? አንድም ሳትስት?"

"ስማቸውን ነው የማውቀው። አይለዩልኝም።" ከዚያ ሳልፈልግ ድምፄ ከፍ አለ። "አንተስ ለምን አይታየኝም አላልከኝም?"

"ለአንተ?" አለ። "'አባቴ ሳያይ ይሠራል' እያልክ ሰፈሩን ስታዞረው እሰማህ ነበር። ለአንተ ምን ብዬ ልንገርህ?"

ቀጥሎ ያለው ነገር ከአፉ የወጣው በጣም ቀስ ብሎ ነው።

"እውነት ከሆነ… እኔ ምን አደረግኩ?" አንገቱ ላይ ያለው ሥር ይመታል። "ሀሴት። ሬዚስተር አምጪ። አንዷን ስጪው።"

ሀሴት አንዷን መዳፌ ላይ አኖረች። ቡናማ፣ ጥቁር፣ ሦስተኛዋ ያቺ ጭቃ። አባቴ ወደ ፊት አዘነበለ። ሊያምነኝ ፈልጎ ነበር፤ ይህን በዐይኔ አይቻለሁ። የሚጠበቅብኝ መሳሳት ብቻ ነው። ግን ስህተቱ የትኛው እንደሆነ በምን ላውቅ? ዋጋዋን የሚለካው ቴስተር ጠረጴዛው ላይ አለ፤ እኔ ግን አጠቃቀሙን ሳልማር ነው የተባረርኩት። አፌ ላይ የመጣውን አልኩ።

"አረንጓዴ።"

"ሀሴት?" አለ አባቴ።

ሀሴት ሬዚስተሯን አየች። አባቴን አየች፤ አንገቱን፣ የወንበሩን ክንድ ጨምድዶ የያዘውን እጁን።

"ልክ ነው አባዬ" አለች። "አረንጓዴ ናት።"

አባቴ ትንፋሹን ለቀቀ። ጀርባው ወንበሩን አገኘ፣ እጁ ተፈታ። ፊቱ እንደዚያ ሲያርፍ ከተወለድኩ አይቼው አላውቅም።

"አየህ" አለኝ። "ታውቃለህ። ያኔም ታውቅ ነበር።"

ሬዚስተሯን እንደያዝኩ ወጣሁ። ሀሴት ከኋላዬ ስሜን ጠራች፤ አልዞርኩም። የጀሞ ሚኒባስ ውስጥ ረዳቱ ሒሳብ ሲቀበለኝ መዳፌን ከፈትኩለት።

"ይቺ የመጨረሻዋ ቀለበት ቀለሟ ምንድን ነው?"

"የቷ? ቀይ ናታ! ምነው ብሮ፣ ሙድ እየያዝክብኝ ነው?"

አጠገቤ የተቀመጠችው ተማሪም አንገቷን አስግጋ አየችና "ቀይ ናት" አለች።

"ወራጅ አለ" አልኩ።

አስፋልቱ ዳር ቆምኩ። ተመልሼ ምን እላለሁ? ሀሴት ዋሸችህ? ማን ነው የሚለው? ውሸታሙ። ቢያምነኝስ? ያ ሥር አንገቱ ላይ እንደገና ይመታል፣ ያ እጅ እንደገና ወንበሩን ይጨመድዳል። ለእሱ ብላ ይሁን ለሱቋ ብላ እንጃ፤ በእኔ ሒሳብ አሳርፋዋለች።

ከመንገዱ ማዶ ሌላ ሚኒባስ ቆሞ ረዳቱ "ዓለም ገና! ዓለም ገና! አንድ ሰው!" እያለ ይጮኻል። ዞር ሲል አየኝና በእጁ ጠራኝ።

"ትሄዳለህ?"

"አልሄድም" አልኩት።